አይሮፕላን መሣሪያ የታጠቀበት ታሪክ፤ ከወለቃው ሸማኔ ጥያቄ የተነሣ

ከጐንደር ከተማ ወጥተን በዳባት መንገድ ወደ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ስንጓዝ ወለቃን እናገኛለን። ወለቃ በሸክላ ሥራዋ የታወቀች መንደር ናት። ብረት ቀጥቅጠው፣ ሸክላ ሠርተው፣ ሸማ ሸምነው አገሩን ያገለግሉ የነበሩት ቤተ እስራኤል ለብዙ ዘመን ኖረውባታል። ከ1977 እስከ 1983 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ከቤተ እስራኤል የሚበዙት ወደ እስራኤል ቢሄዱም የሸክላው ሥራ እስከ ዛሬ አልተቋረጠም።

በዕረፍታችን ወራት አራት ተማሪዎች ሆነን ወደዚያ በሄድን ጊዜ ከአንድ ሽማግሌ ሸማኔ ደጃፍ አረፍ አልን። ሽማግሌው ከየት እንደ መጣንና ምን እንደምንማር ጠየቁን። ታሪክ እንደምንማር ነገርናቸው። እርሳቸውም መወርወሪያቸውን አስቀምጠው፣ «እንግዲያስ ልጆቼ፣ አባቴ እያወራልኝ ሳይገባኝ የቀረ ነገር አለና አስረዱኝ። ጣልያን ከጐንደር በወጣበት ዓመት በዚህ ሰማይ ላይ ሁለት አይሮፕላኖች ሲታኰሱ አይቻለሁ ይል ነበር። አይሮፕላኑ አፍንጫው ላይ የሚሽከረከር ውልብልቢት አለው፤ መትረየሱ ደግሞ ከውልብልቢቱ በስተኋላ ተቀምጦ ወደ ፊት ይተኩሳል አሉ። ታዲያ ጥይቱ የራሱን ውልብልቢት ሳይሰብር በየት በኩል ያልፋል?» አሉን።

እርስ በርሳችን ተያየን። ጐንደር ከጠላት እጅ የወጣችበትን ቀን እናውቃለን፤ የጦር አለቆቹንም ስም አንድ በአንድ መቁጠር እንችላለን። ይህን ጥያቄ ግን አንዳችንም መመለስ አልቻልንም። «እናጣራና እንነግርዎታለን፣ አባባ» ብለን ተነሣን። ከዚያ በኋላ መጻሕፍት አገላብጠን ያገኘነውን ለወንድሞቻችንና ለእኅቶቻችን ተማሪዎች ጭምር ይጠቅማል በማለት እነሆ አቅርበነዋል።

መጀመሪያ አይሮፕላኑ ባዶ እጁን ነበር

አይሮፕላን ወደ ጦር ሜዳ የገባው ለመዋጋት ሳይሆን ለመቃኘት ነው። የጥንቱ የጦር አለቃ የጠላቱን ብዛት ለማወቅ ሰላይ ይልክ ወይም ከኰረብታ ላይ ይመለከት እንደ ነበረ ሁሉ፣ አይሮፕላንም ለዘመናዊው ጦር ከፍ ያለ ኰረብታ ሆኖ አገለገለ። ሞተሩ ደካማ ስለ ነበረ አብራሪውን፣ ተመልካቹንና ነዳጁን ከተሸከመ በኋላ ለሌላ ነገር የሚተርፍ ጉልበት አልነበረውም።

ከአይሮፕላን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ቦምብ የተጣለው በአፍሪካ ምድር ነው። ኢጣልያ ሊቢያን ከቱርክ ለመንጠቅ ስትዋጋ በጥቅምት 1904 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር ኖቬምበር 1 ቀን 1911) ጁሊዮ ጋቮቲ የተባለ የኢጣልያ መኰንን በትሪፖሊ አጠገብ በዓይን ዛራና በታጁራ ላይ አራት ትናንሽ ቦምቦች ጣለ። እያንዳንዱ ቦምብ ወደ 2 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን ነበረ። ጋቮቲ ቦምቡን የጣለው በእጁ ነው፤ የሚንጠለጠልበት ማሰሪያም ሆነ የሚያነጣጥርበት መሣሪያ አልነበረውም። ያደረሰው ጉዳት አነስተኛ ይሁን እንጂ የከፈተው በር ሰፊ ነበር። ከ24 ዓመት በኋላ የእርሱ አገር አይሮፕላኖች በእኛ አገር ላይ የጣሉት ምን እንደ ሆነ ወደ ኋላ እንመለከታለን።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በ1906 ዓ.ም. መጨረሻ ሲጀመር አብራሪዎች ሽጉጥና ጠመንጃ ይዘው መውጣት ጀመሩ። ነገር ግን የሚንቀጠቀጥ አይሮፕላን ላይ ተቀምጦ ሌላ የሚበር አይሮፕላን በጠመንጃ መምታት በጋላቢ ፈረስ ላይ ሆኖ የምትበር ወፍ እንደ መምታት ነው። ስለዚህ መትረየስ አስፈለገ። መትረየስም የራሱን ችግር ይዞ መጣ፤ ይኸውም ክብደቱ ነው። ሉዊስ ስትሬንጅ የተባለ እንግሊዛዊ አብራሪ በ1906 ዓ.ም. ነሐሴ ወር በአይሮፕላኑ ላይ መትረየስ ጭኖ የጀርመንን አይሮፕላን ሊያሳድድ ቢነሣ፣ ከክብደቱ የተነሣ ከፍ ማለት ስላቃተው ጠላቱ ከራሱ በላይ አልፎ ሄደ። አለቆቹም መትረየሱን እንዲያወርድ አዘዙት።

ሆኖም ብዙ ሳይቈይ መስከረም 25 ቀን 1907 ዓ.ም. (ኦክቶበር 5 ቀን 1914) ፍራንዝ የተባለው ፈረንሳዊ አብራሪና ኬኖ የተባለው መካኒኩ በሬምስ ከተማ አቅራቢያ አንድ የጀርመን አይሮፕላን በመትረየስ መትተው ጣሉ። በታሪክ ውስጥ አይሮፕላን አይሮፕላንን ተኩሶ የጣለበት የመጀመሪያው ውጊያ ይህ ነው። ይህ የተቻለበትም ምክንያት አለው። የእነርሱ አይሮፕላን ሞተሩና ፕሮፔለሩ በስተኋላ ስለ ነበሩ ከተኳሹ ፊት የሚጋርድ ነገር አልነበረም።

የፕሮፔለሩ ችግር

አንባቢ «እንግዲያው ሁሉንም አይሮፕላን እንደዚያ መሥራት ነው» ሊል ይችላል። ነገር ግን ሞተሩ በስተኋላ የሆነ አይሮፕላን ጅራቱን የሚይዘው በብዙ እንጨትና ሽቦ ስለ ነበረ ነፋሱ ያግደዋል፤ ፍጥነቱም ይቀንሳል። ፈጣን የሆነው ፕሮፔለሩ ከፊት ያለው ነው። መሣሪያ ለመትከል የሚመቸው ቀርፋፋው፣ ጠላትን ለመድረስ የሚችለው ደግሞ ለመተኰስ የማይመቸው ሆነ። የዘመኑ መሐንዲሶች የተጨነቁት በዚህ ነው።

መፍትሔ ይሆናል ተብሎ ከተሞከረው አንዱ መትረየሱን ከላይኛው ክንፍ በላይ አድርጎ ከፕሮፔለሩ ዙሪያ ውጭ መተኰስ ነው። ይህ ይሠራል፤ ነገር ግን ጥይቱ ሲያልቅ አብራሪው በአንድ እጁ አይሮፕላኑን እየነዳ፣ በሌላው የጥይቱን ማኅደር ከራሱ በላይ ተንጠራርቶ መለወጥ ነበረበት።

ሌላው የሮላን ጋሮስ ዘዴ ነው። ጋሮስ ከጦርነቱ በፊት የሜዲትራኒያንን ባሕር በአይሮፕላን አቋርጦ ስመ ጥር የሆነ ፈረንሳዊ ነበር። በፕሮፔለሩ ላይ ጥይት በሚያርፍበት ቦታ ሦስት ማዕዘን ያለው ብረት አስገጠመ። አብዛኛው ጥይት በመካከል ያልፋል፤ ስለቱን የሚመታው ጥቂት ጥይት ደግሞ በብረቱ እየተንሸራተተ ወደ ጐን ይወረወራል። መጋቢት 23 ቀን 1907 ዓ.ም. (ኤፕሪል 1 ቀን 1915) በዚህ ዘዴ የመጀመሪያውን የጀርመን አይሮፕላን ጣለ። ጀርመኖቹ ከፊት ለፊታቸው የሚመጣው አይሮፕላን በአፍንጫው ይተኩሳል ብለው ስላልጠረጠሩ ተደናገጡ። ነገር ግን ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 10 ቀን፣ ጋሮስ ከጠላት መሥመር በስተጀርባ ለማረፍ ተገደደና ከነአይሮፕላኑ ተማረከ።

ጀርመኖች የተማረከውን አይሮፕላን ለአንቶኒ ፎከር አሳዩት። ፎከር በጀርመን አገር ፋብሪካ ያቋቋመ የሆላንድ ሰው ነው። እርሱና መሐንዲሶቹ ያንን ብረት ከመቅዳት ይልቅ ጥያቄውን ራሱን ገለበጡት። «ጥይቱ ፕሮፔለሩን ሲመታ እንዴት አይሰብረውም?» ማለትን ትተው፣ «ጥይቱ ፕሮፔለሩን ጨርሶ እንዳይመታ እንዴት እናድርግ?» አሉ። ይህ ሐሳብ ፈጽሞ አዲስ አልነበረም። ፍራንዝ ሽናይደር የተባለ መሐንዲስ ከጦርነቱ በፊት አስመዝግቦት ነበር፤ በፈረንሳይም ሶልኒዬ ሞክሮት ነበር። ለጦር ሜዳ የሚበቃ አድርገው የሠሩት ግን እነፎከር ናቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከሞተሩ ጋር አብሮ የሚዞር እብጠት ያለው ክብ ብረት አለ። እብጠቱ በዞረ ቍጥር አንድ ዘንግ ይገፋል፤ ዘንጉም የመትረየሱን ምላጭ ይነካል። ስለዚህ አብራሪው መተኰሻውን ሲጫን ለመትረየሱ «ተኩስ» ብሎ ማዘዙ ሳይሆን፣ «ሞተሩ ሲፈቅድልህ ተኩስ» ማለቱ ነው። የሚተኩሰው ሞተሩ ራሱ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

በቍጥር ብንመለከተው ይበልጥ ይገባናል። ሁለት ስለት ያለው ፕሮፔለር በደቂቃ 1,200 ጊዜ ቢዞር በአፈሙዙ ፊት በደቂቃ 2,400 ጊዜ፣ ማለት በሴኮንድ 40 ጊዜ፣ ስለት ያልፋል። ጥይቱ ከአፈሙዙ እስከ ፕሮፔለሩ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ቢጓዝና ፍጥነቱ በሴኮንድ 750 ሜትር ቢሆን፣ የሚፈጅበት ጊዜ የሴኮንድ ሁለት ሺኛ ክፍል፣ ማለት 0.002 ሴኮንድ ነው። በዚህችው ቅጽበት ፕሮፔለሩ ከ14 ዲግሪ በላይ ይዞራል። ስለዚህ መሐንዲሱ ማሰብ የሚገባው ጥይቱ ሲነሣ ስለቱ የት እንዳለ ብቻ ሳይሆን፣ ጥይቱ ሲደርስ የት እንደሚሆን ጭምር ነው። በዚያ ላይ ባሩዱ እርጥበት ነክቶት ዘግይቶ የፈነዳ እንደ ሆነ ሒሳቡ ሁሉ ይፈርሳል። የሶልኒዬን ሙከራ ያሰናከለው አንዱ ነገር ይኸው የጥይቱ አለመተካከል ነበር።

እዚህ ላይ የወለቃውን ሽማግሌ አስታወስን። ሸማኔ ድሩን ዘርግቶ ከጉድጓዱ ውስጥ ሲቀመጥ እግሩን በረገጠ ቍጥር የድሩ ግማሽ ይነሣል፣ ግማሹም ይወርዳል። በመካከሉ ክፍተት ይፈጠራል። መወርወሪያው የሚያልፈው በዚያች ክፍተት ነው። እግሩ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ቢረግጥ መወርወሪያው ከድሩ ጋር ይጋጫል፤ ክሩም ይበጠሳል። ሸማኔው ግን እግሩንና እጁን ስላስማማ አንድም ክር ሳይነካ ቀኑን ሙሉ ይወረውራል። ሞተሩን እግር፣ ጥይቱን መወርወሪያ፣ የፕሮፔለሩን ስለት ድር ብለን ብናስብ የፎከር ዘዴ ይኸው ነው። ሽማግሌው የጠየቁንን ነገር ራሳቸው በእግራቸው ሲሠሩት ኖረዋል ማለት ነው።

ከ1907 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ጀርመኖች በዚህ ዘዴ ለብዙ ወራት በሰማይ ላይ የበላይነት አገኙ። ቈይቶም ኮንስታንቲኔስኮ የተባለ የሩማንያ ተወላጅ መሐንዲስ በእንግሊዝ አገር በብረት ዘንግ ፈንታ በቱቦ ውስጥ በተሞላ ፈሳሽ ግፊት የሚሠራ የተሻለ መሣሪያ አወጣ፤ ይህም ከ1909 ዓ.ም. ጀምሮ በእንግሊዝ አይሮፕላኖች ላይ ተገጠመ። እንግዲህ አብራሪው መትረየሱን ወደ ጠላት ማዞሩ ቀርቶ አይሮፕላኑን በሙሉ እንደ ጠመንጃ ወደ ጠላት ማነጣጠር ጀመረ። ተዋጊ አይሮፕላን የሚባለው የተወለደው በዚህ ጊዜ ነው።

መሣሪያው ወደ አገራችን መጣ

ከዚህ ሁሉ በኋላ አይሮፕላን ወደ ኢትዮጵያ የገባው በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ነው። አንድሬ ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ አብራሪ ፖቴዝ 25 የተባለችውን አይሮፕላን እያበረረ አዲስ አበባ ደረሰ። የፖቴዝ 25 ትጥቅ ከላይ የተናገርነውን ታሪክ በአንድ ላይ ያሳያል። ከፊት በፕሮፔለሩ መካከል የሚተኩስ አንድ የተስማማ መትረየስ፣ ከኋላ ተመልካቹ በሚዞር ክብ ላይ የሚያንቀሳቅሳቸው ሁለት መትረየሶች፣ ከክንፉም በታች የቦምብ ማንጠልጠያ የሚደረግላት አይሮፕላን ናት።

ያዘነው ቀጥሎ ያለውን ስናነብ ነው። አይሮፕላን በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ለውጊያ የዋለው በባዕድ ጠላት ላይ አይደለም፤ በራሳችን ወገን ላይ ነው። ያውም እዚሁ በጌምድር ውስጥ ነው። የበጌምድር ገዥ የነበሩት ራስ ጉግሣ ወሌ በንጉሥ ተፈሪ ላይ በተነሡ ጊዜ የጦር ሚኒስትሩ ራስ ሙሉጌታ ይገዙ የመሐል ሰፋሪን ጦር ይዘው ዘመቱ። ከውጊያው አስቀድሞ በራስ ጉግሣ ጦር ላይ ከሰማይ የወረደው ወረቀት ነበር፤ ራስ ጉግሣን የሚከተል ሁሉ የተወገዘ መሆኑን የሚናገር ነው። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ሜዳ ላይ ጦሩ ሲገናኝ ግን ቦምብ ወረደ።

ቦምቦቹ ትናንሾች ነበሩ። ነገር ግን አብዛኛው ወታደር አይሮፕላን አይቶ አያውቅም። ከፊቱ የመጣውን ጠላት ቆሞ የሚጠብቅ ጀግና ከራሱ በላይ የሚያጓራውን ነገር በጋሻም በጐራዴም ሊመክተው አልቻለም። ራስ ጉግሣ በዚያው ዕለት ሲዋጉ ወደቁ። ቀድሞ ባለቤታቸው የነበሩት ንግሥት ዘውዲቱም በሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት 24፣ ዐረፉ። በዚህ ጽሑፍ ማን ትክክል ነበረ፣ ማንስ ተሳሳተ ብለን ለመፍረድ አልተነሣንም። የምንለው ይህን ነው፤ መሣሪያ ወዳጅና ጠላት አይለይም፤ የሚለየው ያዡ ነው።

በዚያው ዘመን ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ለመሆን በቁ። ቢሆንም አገራችን በ1928 ዓ.ም. ከፋሺስት ኢጣልያ ጋር በተዋጋችበት ጊዜ የነበሯት አይሮፕላኖች ጥቂት ነበሩ፤ በአየር ላይ ሊዋጋ የሚችል አንድም ተዋጊ አልነበራትም። ከአሜሪካ መጥቶ ያገለገለን ጥቁር አሜሪካዊው ጆን ሮቢንሰንና ጓደኞቹ የሚያበርሯቸው አይሮፕላኖች መልእክትና መድኃኒት የሚያመላልሱ ነበሩ።

ጠላት ግን በመቶ የሚቈጠሩ አይሮፕላኖች ነበሩት። በኅዳር 1928 ዓ.ም. ደሴን በቦምብ ደበደበ። በታኅሣሥም፣ ከዚህ ከሰሜን ጐንደር ደጋ በታች በሚፈሰው በተከዜ አጠገብ፣ በራስ እምሩ ጦር ላይ የሚያቃጥል መርዝ ጣለ። የዚያ መርዝ ቦምብ አሠራር ዛሬም ስናነበው ያሳቅቃል። ቦምቡ መሬት ሳይነካ በአየር ላይ ይፈነዳና ዘይት የመሰለው መርዝ እንደ ዝናብ ይረጫል። ልብስም ጋሻም አያቆመውም፤ ባዶ እግሩን በሣር ላይ የሚሄደው ወታደርና ወንዝ የሚወርደው ከብት ሁሉ ይቃጠላል። ኢጣልያ ይህን መርዝ ላለመጠቀም በ1917 ዓ.ም. በጄኔቭ ከፈረሙት አገሮች አንዷ ነበረች። በሊቢያ በእጅ በተጣለች 2 ኪሎ ግራም ቦምብ የተጀመረው ነገር የደረሰው እዚህ ላይ ነው። መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት ጐንደር ገባ።

በጐንደር ሰማይ ላይ

አሁን ወደ ሸማኔው አባት ወሬ እንመለስ። በ1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ነፃ ከወጣች በኋላ በምሥራቅ አፍሪካ የቀረው የኢጣልያ ጦር ዋና ምሽግ ጐንደር ነበር። የወልቅፊት በር በመስከረም 1934 ዓ.ም. ተለቀቀ። ለኢጣልያኖቹ የቀሯቸው ተዋጊ አይሮፕላኖች ከአንድ እጅ ጣት የማይበልጡ ነበሩ።

ጥቅምት 14 ቀን 1934 ዓ.ም. (ኦክቶበር 24 ቀን 1941) ማላቮልታ የተባለ የኢጣልያ አብራሪ ፊያት ሲ አር 42 በተባለች አይሮፕላን ወጣ። ሆፕ የተባለ የደቡብ አፍሪካ አብራሪ ደግሞ ግላዲያተር በተባለች አይሮፕላን አገኘው። ሁለቱም ድርብ ክንፍ ያላቸው አይሮፕላኖች ናቸው፤ ትጥቃቸው ግን ይለያያል። ፊያቷ ሁለት መትረየስ አላት፤ ሁለቱም በፕሮፔለሩ መካከል በስምምነት የሚተኩሱ ናቸው። ግላዲያተር አራት አላት፤ ሁለቱ በፕሮፔለሩ መካከል፣ ሁለቱ ደግሞ በታችኛው ክንፍ ሥር ከፕሮፔለሩ ዙሪያ ውጭ የሚተኩሱ ናቸው። ፊያቷ ተመትታ ወደቀች፤ ማላቮልታም ሞተ። ከዚያ በኋላ ደቡብ አፍሪካውያኑ በኢጣልያኖቹ ምሽግ ላይ የሟቹን ጀግንነት የሚያመሰግን ወረቀት ጣሉ። ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ጐንደር ነፃ ወጣች። የሸማኔው አባት ያዩት ውጊያ ምናልባት ይህ ሊሆን ይችላል።

ይህ ውጊያ የአንድ ዘመን መጨረሻ ነበር ለማለት ይቻላል። በስምምነት መተኰስ የመትረየሱን ፍጥነት ይቀንሰዋል፤ በአፍንጫ ላይ የሚበቃውም ቦታ ጥቂት ነው። ስለዚህ በዚያው ዘመን እንደ ሃሪኬን ባሉት አይሮፕላኖች ላይ ስምንት መትረየሶች በክንፉ ውስጥ ተተከሉ። ፕሮፔለር የሌለው የጄት ሞተር ሲመጣ ደግሞ የፎከር ዘዴ ጨርሶ የማያስፈልግ ሆነ። ሠላሳ ዓመት ያህል ዓለምን ያስጨነቀው ጥያቄ ጥያቄው ራሱ በመጥፋቱ ተፈታ።

ከዚህ ምን እንማራለን

አንደኛ፣ የጦርነትን ታሪክ በንጉሥና በራስ ስም ብቻ መማር አይበቃም። በ1907 ዓ.ም. በሰማይ ላይ የነበረውን የኃይል ሚዛን የለወጠው እብጠት ያላት ክብ ብረትና አንድ ዘንግ ናት። ይህን የሠራው ደግሞ እጁ በዘይት የጨቀየ ባለ እጅ ነው።

ሁለተኛ፣ በአገራችን ባለ እጅን እንዴት ስናየው እንደ ኖርን እንጠይቅ። በዚሁ በበጌምድር ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት መድፍ ለማሠራት የደከሙት በ1850ዎቹ ዓመታት ነው። ነገር ግን ሴባስቶፖልን እንዲሠሩ የታዘዙት ከአውሮፓ የመጡ ሰዎች ነበሩ። የወለቃና የመሰሏት መንደሮች ቀጥቃጮች ማረሻችንንና የጦራችንን ጫፍ ሲሠሩልን፣ ምስጋና በመስጠት ፈንታ ቡዳ እያልን ስንሸሻቸው ኖረናል። ርስትም ከልክለናቸዋል። ሌላው ዓለም ቀጥቃጩን መሐንዲስ ሲያደርገው እኛ ልጁ የአባቱን ሙያ እንዲያፍርበት አደረግን። ከዚያ በኋላ ሰማያችንን የሚጠብቅ መሣሪያ ከባዕድ ብንለምን ምን ያስደንቃል? ከነፃነት በኋላ እንኳ ከ1940 ዓ.ም. ጀምሮ አየር ኃይላችን ያገኛቸው የቦምብ አይሮፕላኖች ከስዊድን ተገዝተው የመጡ ናቸው።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። በአንቺም ያየነውን በተከዜ ተቀበልነው። በወገን ላይ የዘነበ ቦምብ ብዙ ሆኖ፣ ከፍቶም፣ በሁላችን ላይ ሊዘንብ ይችላል። መሣሪያን መሥራት መማር ይገባናል ስንል በማን ላይ እንደሚነጣጠር መጠየቅንም አብረን ካልተማርን፣ ዕውቀታችን ጥይቱ የራሱን ፕሮፔለር የሚሰብርበትን አይሮፕላን ይመስላል።

የምሕንድስናና የፊዚክስ ተማሪዎች የሆናችሁ ወንድሞችና እኅቶች በሒሳባችን ላይ ስሕተት ብታገኙ አርሙን። እኛ ግን በሚመጣው የዕረፍት ጊዜ ወደ ወለቃ ተመልሰን ለሽማግሌው መልሱን እንነግራቸዋለን። አስቀድመንም ከሽመናው ጉድጓድ ውስጥ አስቀምጠው እግርና እጅን ማስማማት እንዲያስተምሩን እንለምናቸዋለን።